ጎማው የሚወልቅበት ቀን

ፀዳለ አረፈች ሲሉኝ አላለቀስኩም። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ታዲያ የት ነው የምንቀመጠው?» የሚል ጥያቄ ነበር።

የደወለችልኝ አበራሽ ናት፤ የማርያም ማኅበራችን ሰብሳቢ። ድሮ መርዶ በስልክ አይነገርም ነበር። እዚህ በሰው አገር ግን መርዶውም ምሥራቹም የሚመጣው በዚችው በስልኳ ነው። አበራሽም፣ «እኔም እሱኑ ሳስብ ነው ያረፈድኩት፣ እትዬ ዘውዴ» አለችኝ። «ሰዎች እየደወሉ ለቅሶ ቤቱ የት ነው ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

ሰው ሲሞት እግር የሚነሳው ወደ ሟች ቤት ነው። ወንበር ይደረደራል፣ በር ወለል ተደርጎ ይከፈታል፣ የመጣው ሁሉ ገብቶ ይቀመጣል። ፀዳለ ግን የሚከፈት በር አልነበራትም። የነበራትን አንዷን በር ከነቤቷ ጎትተው ወስደውባታል።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጨዋታዬ ወዲያ ወዲህ ቢልባችሁ ታገሡኝ። እሷን ሳልጽፋት ብቀር ማን ይጽፋታል ብዬ ነው።

የምኖረው ከልጅ ቤት ልጅ ቤት እየተዘዋወርኩ ነው። ኢንግልዉድ ሴት ልጄ ሂሩት ጋ ስሰነብት፣ ሎንግ ቢች ያለው ወንዱ ይቀየማል። እሱ ጋ ስሄድ ደግሞ እሷ ትቀየማለች። አንድ ሻንጣ አለችኝ፤ ጨርሼ ፈትቻት አላውቅም። ሂሩት ወደ ሥራ ስትሄድ የአገራችን ሰው ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ታወርደኛለች። አንድ ቅመም ሱቅ ደጅ ላይ ወንበር አለ፤ እዚያ ተቀምጬ መንገደኛውን ሳይ እውላለሁ። የአገሬን ሰው ድምፅ እሰማለሁ፣ የሚያውቀኝ ይስመኛል፣ የማያውቀኝም ይስመኛል።

ፀዳለን ያገኘኋት እዚያ ነው። ከሱቁ አጠገብ ያለውን ምግብ ቤት ጠዋት ጠዋት የምታጸዳው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ባልዲዋን ይዛ ወጣችና ደጁን ስታጥብ እኔ ዘንድ ደረሰች።

«እግርዎን ያንሱልኝ እስቲ» አለችኝ። አነሳሁላት። አጥባ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። «ቆይ ግን፣ ሁልጊዜ እዚህ የሚቀመጡት ማንን እየጠበቁ ነው?»

«ማንንም» አልኳት።

«እንግዲያው እኔን ይጠብቁኝ። እኩለ ቀን ላይ እወጣለሁ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ እሷን መጠበቅ ሥራዬ ሆነ።

አጭር ነበረች። እጇ ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ይሸታል። ፈጥና ነው የምትራመድ፤ አብሬያት ስሄድ እየቆመች ትጠብቀኛለች እንጂ ቀስ ብላ መሄድ አይሆንላትም ነበር። ዕድሜሽ ስንት ነው ሲሏት፣ «ጡረታ የማያስወጣ፣ ሥራ የማያስቀጥር» ትላለች። ባል አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ አልወለደችም። ጠዋት ምግብ ቤቱን ታጸዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ካልቨር ሲቲ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ትጠብቃለች። እዚያው ካልቨር ሲቲ አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር የምትኖረው።

የኪራይ ነገር ሲነሳ ፊቷ ይለወጣል። «ሬንቱ እኮ እንደ ልጅ ነው የሚያድገው» ትለኝ ነበር። «ልጅ ግን አድጎ ይጦራል። ይሄ አድጎ ከቤት ያስወጣዎታል።» በዚህ አገር ከኖረችበት ዘመን ውስጥ ለራሷ የሠራችውና ለአከራይ የሠራችው ቢለያይ፣ ለራሷ የሚተርፋት ጥቂት ወር መሆኑን አስባ አስባ አንድ ቀን እንቅልፍ አጣች። ያኔ ነው የቆረጠችው።

አንድ ረፋድ ላይ እየሳቀች መጣች። «እትዬ ዘውዴ፣ ጎጆ ወጣሁ!»

«ልታገቢ ነው?»

«ከባል ይሻላል። ሂድ ሲሉት ይሄዳል፣ ቁም ሲሉት ይቆማል።»

እጄን ይዛ ከጥጉ ዞር አደረገችኝ። አርቪ ገዝታለች። አርቪ ያው ቤት የሆነ መኪና ነው፤ አልጋም፣ ምድጃም፣ ሽንት ቤትም ያለው። የእሷ አሮጌ ነበር፤ ነጭ ሆኖ ጎኑ ላይ የደበዘዘ ቡናማ መስመር አለው። የሸጠላት ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው። መስኮቶቹ ላይ ያሉትን ቢጫ አበባ ያለባቸውን መጋረጃዎች ሚስቱ ናት የሰፋቻቸው። ቁልፉን ሲሰጣት አለቀሰ አለችኝ። «መጋረጃውን አላወርደውም ብዬ ምዬለታለሁ። የምለው ባይገባውም ገብቶታል።»

አስገባችኝ። ከሾፌሩ ወንበር በላይ አልጋ፣ እንደ ቁም ሳጥን የጠበበች ማድቤት፣ ሲታጠፍ አልጋ የሚሆን ጠረጴዛ። ከመስተዋቱ በላይ የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅላለች። ሁሉን በአንድ እጅ መንካት ይቻላል። ስንወጣ የመኪናውን ጎን በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው፣ የአዲስ አበባ ታክሲ ረዳት «ሳበው!» ሲል እንደሚያደርገው። ከዚያ በኋላ ስትገባም ስትወጣም እንደዚያ መታ ሳታደርገው ቀርታ አታውቅም።

«አከራይ የለኝም» አለች። «ከእንግዲህ የማውቀው ጎማ ነው።»

እኔ ደስ አለኝ። ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል እንዳልሆነ ያወቅሁት አብሬያት ስውል ነው። መንገድ ጠራጊው መኪና በሚመጣበት ቀን ወደ ማዶ ማዞር አለ። አንድ ሰፈር ብዙ መቆየት የለም። ንጹሕ ውሃ መቅዳት፣ ቆሻሻውን ውሃ በሚፈቀድበት ቦታ ሄዶ መድፋት አለ። ዘይት ታንጠባጥብባታለች፤ ቆርቆሮ ከሥር ታስቀምጥላታለች። ለሥራ የምትመላለስባት ትንሽ አሮጌ መኪናም ስለነበረቻት ለሁለቱም ቦታ ስትፈልግ ነው ቀኑ የሚያልቅባት። ገላዋን ለመታጠብ ጂም ተመዘገበች። «በዚህ ዕድሜዬ ጂም ገባሁ እልዎታለሁ! ሰዎቹ ስፖርት የምሠራ መስሏቸው ጎበዝ ይሉኛል። እኔ የምሠራው ሻወር ነው።»

ከሁሉ የሚገርመኝ ሽንኩርቷ ነበር። ወጥ መሥራት ስትፈልግ ባሕሩ ዳር ድረስ ትነዳለች። እዚያ ነፋስ አለ። ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ በርበሬውን ጨምራ፣ ሽታው ሁሉ ወደ ባሕሩ እስኪሄድላት ጠብቃ ትመለሳለች። ሰፈር ውስጥ አንድም ቀን አቁላልታ አታውቅም።

«ለምንድን ነው እንዲህ የምትለፊ?» አልኳት።

«ሰው መኖሬን ካወቀ አለቀልኝ። መኪና ሲቆም ሰው ምንም አይልም። በመኪናው ውስጥ ሰው እንዳለ ሲያውቅ ነው ለፖሊስ የሚደውለው።»

ስለዚህ መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ደጅ ላይ ጫማ አታወልቅም፣ ዘፈን አትከፍትም። አንድ ቀን በስልኳ ፈረንጆች አርቪ ውስጥ ሲኖሩ የሚያሳይ ነገር አሳየችኝ፤ ባልና ሚስት ናቸው፣ ውሻ አላቸው፣ ተራራ ሥር ቆመው ይስቃሉ። ብዙ አየችውና ስልኩን አጠፋችው። «እነሱ አገር ለማየት ነው የሚኖሩበት» አለች። «እኔ ላለመታየት።»

ይህን ሁሉ የምትችለው ለአንድ ነገር ነበር። ከተራሮቹ ወዲያ፣ በረሃው ውስጥ፣ አንድ ቁራሽ መሬት በየወሩ እየከፈለች ልትገዛ ተዋውላለች። ለአከራይ ይሄድ የነበረው አሁን ለመሬቱ ይሄዳል። ከፍላ ስትጨርስ አርቪውን ነድታ እዚያ ታቆመውና ከዚያ ወዲያ አይንቀሳቀስም። «ጎማውን አወልቄ እጥለዋለሁ፣ እትዬ ዘውዴ» ትለኝ ነበር። «አራቱንም። ተነሺ የሚለኝ ሰው ሲመጣ ማንሻ እንዲያጣ።»

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በትንሿ መኪናዋ ወሰደችኝ። ብዙ ነዳች። መንገዱ አልቆ አቧራ ሆነ፣ ከዚያ ቆምን። እናንተዬ፣ ምን ልበላችሁ፣ ምንም የለም! ነፋስ፣ አንድ ችካል፣ እሾሃማ ቁጥቋጦ። ነጠላዬን ነፋሱ ሊወስደው ታገለኝ። እሷ ግን እየዞረች በእግሯ መሬት ላይ መስመር ታሰምራለች።

«ይሄ በሩ ነው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ። እዚህ ጥላ እሠራለሁ። ሽንኩርት እዚህ ደጅ ላይ ነው የማቁላላው፣ ኮረብታው ድረስ ይሽተት። እዚህ ጋ ደግሞ እርስዎ ይተኛሉ።»

«እኔ?»

«ታዲያ! ከነሻንጣዎ። ያንን ሻንጣ እዚህ እናራግፈዋለን።»

ሳቅሁባት። ወደ መኪናው ስመለስ ግን ያሰመረችውን ግድግዳ ረግጬ እንዳልሄድ ዞር ብዬ ወጣሁ፤ በበሩ በኩል።

እንግዲህ ወደ ማኅበራችን ልምጣ። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን። ማርያም በምትውልበት ሰሞን፣ በእሑዱ፣ ተራ በደረሳት ሴት ቤት እንሰበሰባለን። ቄሱ ይባርካሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል። ስናበቃ ጽዋውን፣ ማለት በጨርቅ የተሸፈነችውን ማሰሮ፣ የሚቀጥለው ወር ባለተራ ወደ ቤቷ ትወስዳለች። ጽዋ ያደረበት ቤት ማርያም ያደረችበት ቤት ነው ብለን ነው የምናምነው።

የፀዳለ ተራ ሲደርስ አበራሽ በለሆሳስ፣ «የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ልለምንልሽ?» አለቻት።

«ለምን? ቤት የለኝም እንዴ?»

«አይ፣ ሰውም ብዙ ነን ብዬ…»

«ቤቴ ይጠባል እንጂ ቤት ነው።»

በዕለቱ ፌርፋክስ ላይ መጥታ ቆመች። አንዳንዶቻችን ገባን፣ ሌሎቹ በየመኪናቸው ተከተሉን። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። ጽዋውን ጠረጴዛው ጋ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጣ የመኪና ቀበቶ አሰረችለት። «እሷ ትቅደም፣ እናንተ ያዙና ቁሙ» አለችን። አበራሽ በየመታጠፊያው «በስመ አብ!» እያለች፣ እኛ እየሳቅን፣ ባሕሩ ዳር ደረስን። ያን ቀን መጋረጃው በሙሉ ተከፈተ። ነጠላ ለብሰን አሸዋው ላይ ስንቀመጥ ፈረንጆቹ ፎቶ አነሱን። ፀዳለ በበሩ ቆማ፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ አፍንጫዬ ሥር አትቁሙ፣ ቤቴን እዩልኝ!» ትላለች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አላየኋትም።

ነገሩ የመጣው የእኔ ተራ ሲደርስ ነው። ሂሩት ልጄ ጴንጤ ናት። ጥሩ ልጅ ናት፣ አምላኳን ትፈራለች፤ ጽዋው ግን ቤቷ እንዲገባ አትፈልግም። «እማዬ፣ ፕሊስ፣ አንቺ እንደፈለግሽ ጸልዪ። ያንን ግን እዚህ አታምጪብኝ፤ ልቤ አይቀበለውም» አለችኝ። ቤቱ የእሷ ነው፣ ምን እላለሁ? የልጄ የወንዱ ሚስት ደግሞ ሌሊት ሠርታ ቀን ነው የምትተኛው። ተራዬን ሌላ ትውሰደው ብዬ ለአበራሽ ልነግራት ስል ፀዳለ ሰማች።

«የእርስዎ ተራ እኔ ቤት ነው» አለች። «ማርያም በርስዎ ስም አንድ ቀን ትግባ።»

ያን ጊዜ ግን አርቪው ካምቢዮው ተበላሽቶ አይነዳም ነበር። መካኒኩ ዕቃ እስኪመጣ ጠብቂ ብሏታል። አንድ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ቆሞ ሰንብቷል፤ ከሰነበተ ደግሞ እንደሚታይ ከእኔ በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

«ይቅርብን ልጄ» አልኳት። «እዚህ መንገድ ላይ? አንቺ ራስሽ መታየት የለብኝም ትዪ የለም ወይ? የሚቀጥለው ወር ይድረስ።»

ባልዲዋን አስቀመጠች። «እትዬ ዘውዴ፣ ስንት ዓመት ነው ተራዎን ለሌላ ሲያሳልፉ የኖሩት?»

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ቤት ማለት እኮ እንግዳ የሚገባበት ነው። ሰው የማላስገባበት ከሆነማ መኪና ነው። እኔ መኪና ውስጥ አይደለም የምኖረው።»

መጡ። አሥር መኪና ይሆናል፤ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞላነው። ሁሉም ነጭ ለብሶ፣ ዳቦ ተሸክሞ፣ እየተሳሳመ። ውስጥ ያልበቃነው ደጅ እግረኛው መንገድ ላይ ቆምን። ቄሱ ሲባርኩ አበራሽ እልልታውን አቀለጠችው፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ማን «ዝም በሉ» ይበል? ለማርያም ነው። ፀዳለ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ስትስቅ ነው የማስታውሳት። እኔ ግን ማዶውን አየሁ። አንድ ሰው ውሻውን ይዞ ደጁ ላይ ቆሟል። ያ ሰው ስንት ቀን በዚያ አርቪ ጎን አልፎ ሄዷል፣ ዓይቶት አያውቅም። ያን ቀን አየው። መጋረጃዎቹን፣ እኛን፣ እሷን፣ ሁሉን አየ።

ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። በልቤ ልረግመው ፈልጌ እምቢ አለኝ።

ጽዋውን መረከብ የነበረባት ሴት፣ ልጇን ልትድር ሌላ ከተማ ሄዳ ስለነበር፣ እስክትመለስ ፀዳለ ዘንድ እንዲቆይ ተባለ። በሳምንቱ መስተዋቱ ላይ፣ ካልተነሳ ይጎተታል የሚል ብርቱካናማ ወረቀት ተለጥፎ አገኘች። ሰው ለምና ልታስገፋው ሞከረች፤ ያንን የሚያህል ነገር ማን ይገፋል? መካኒኩን ለመነችው፤ ዕቃው አልመጣም። ከሥራ ስትመለስ ቦታው ባዶ ነበር። ከሥር የምታስቀምጣት ቆርቆሮ ብቻ ተገልብጣ ቀርታለች።

መኪና አጉረው የሚይዙበት ግቢ ሂሩት ወሰደችን። አርቪውን ለማስለቀቅ የጠየቋት ብዙ ነው፤ ባደረ ቁጥር ደግሞ ይጨምራል። ያላት ለመሬቱ የያዘችው ነበር። አጥሩን ተደግፋ ረጅም ሰዓት ቆመች። ብታስለቅቀውም አይነዳም፤ ቢነዳም ማቆሚያ የለውም። መሬቱን ከከፈለች ደግሞ መሬት እንጂ ቤት አይኖራትም።

«መሬቱን አልለቅም» አለች በመጨረሻ። «ቤት ይገኛል። የሚቆምበት ነው የማይገኘው።»

«ዕቃሽን ማውጣት ትችያለሽ» አሏት የግቢው ሠራተኞች። ገባች። እኔና ሂሩት ውጭ ቆምን። ሰሃኖቿን፣ ድስቶቿን፣ ብርድ ልብሷን ይዛ ትወጣለች ብለን ስንጠብቅ፣ የወጣችው ጽዋውን አቅፋ፣ መጋረጃዎቹን በብብቷ ይዛ ነው። ሌላ ምንም አልያዘችም። አርቪውን እንደ ልማዷ መታ መታ አላደረገችውም። እሱን ሳይ ነው የደነገጥኩት።

ፀዳለ ጽዋውን የሂሩት መኪና የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሂሩት ስትነሳ ሰው ቀበቶ ያላሰረ መስሎት መኪናው ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። አላቆም አለ። ልጄ ትንሽ ታገሠችው፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ቀበቶውን ሳብ አድርጋ ጽዋውን አሰረችው። ከኋላ ወንበር ፀዳለ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አበራሽ ሶፋዋን ሰጠቻት። አልቆየችም። «የሰው ሶፋ ላይ ሲተኙ ሲያነጥሱ እንኳ ይቅርታ ይላሉ» አለችኝ። ከዚያ የምትጠብቃት አሮጊት ቤት ማደር ጀመርኩ አለችን። እፎይ አልን። መሬቷን መክፈል ቀጠለች። ክረምቱ ገባ፤ እንደዚያ ዓመት ዝናብ አይቼ አላውቅም። ማሳል ጀመረች። ምግብ ቤቱን ስታጸዳ በመጥረጊያው እንጨት ተደግፋ ቆማ አየኋት፤ እሷ፣ ሥራ ላይ ቆማ የማታውቀው! «ሐኪም ጋ ሂጂ» ስላት፣ «ዝናቡ ሲያቆም» ትለኛለች። ሐኪምና ዝናብ ምን ያገናኘዋል ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ከዝናብ የሚጠለል ቤት ያላት መስሎኝ ነበር።

ሆስፒታል ስትገባ ነው ያወቅነው። የአሮጊቷ ልጆች ሠራተኛ እንዲያድር አይፈቅዱም። ያንን ሁሉ ጊዜ ያደረችው በትንሿ መኪናዋ ነው።

ልጠይቃት ስገባ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ነበር። እጇን ያዝኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ በረኪና አልሸተተም።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ብዬ?» አለች። ትንፋሽ ያጥራታል። «ነርሷ ስትወጪ የት ነው የምትሄጂው አለችኝ። በፊት ቤትሽ የት ነው ሲሉኝ፣ ካቆምኩበት ነው እላለሁ፣ ይስቃሉ። አሁን የምላት ጠፋኝ።»

«ከእኔ ጋር ትሆኛለሽ።»

«የት? ሻንጣዎ ውስጥ?» ብላ ልትስቅ ሳል ያዛት። ጋብ ሲልላት፣ «መጋረጃዎቹ መኪናዬ ኋላ ናቸው። ሻግተው እንዳይሆን ይጠቡልኝ። እዚያ ስንሄድ እንሰቅላቸዋለን» አለችኝ። «የቀረው ትንሽ ነው እኮ፣ እትዬ ዘውዴ። ትንሽ ነው የቀረው።»

አጠብኳቸው። ተኩሼ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ በኋላ ነው አበራሽ የደወለችልኝ።

መሬቱ ወደ ሻጩ ተመለሰ፤ ከፍሎ ያልጨረሰ ሰው መሬት የለውም ተባለ። አንድ ያላት ወንድም አገር ቤት ነው፤ ስለ መሬቱ በስልክ ሲነግሩት ምን እንደሆነ እንኳ አልገባውም። የት እንደምንቀመጥም ስንመካከር ዋልን። አዳራሹ ለሰርግ ተይዟል። አበራሽ ቤት እንዳንል የአበራሽ ለቅሶ አይደለም። በመጨረሻ አንዷ፣ «አርቪው የነበረበት መንገድ እንሂድ» አለች። ሌላ የእሷ የምንለው ቦታ ስላጣን ሁላችንም እሺ አልን።

ሄድን። ከቀብሯ መልስ፣ ጥቁር ለብሰን፣ በየመኪናችን። እግረኛው መንገድ ላይ ወንበር እንዘርጋ ሲባል ማዶ ያለው ሰውዬ ውሻውን ይዞ ወጣ፤ ያው ሰውዬ ነው። አየንና ወንበሩን መልሰን ከተትን። ስለዚህ ለቅሶውን በየመኪናችን ውስጥ ተቀመጥን። እንዲህ ያለ ለቅሶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መንገዱን ይዘው መኪኖች ተደርድረው፣ በየመኪናው አንድ ሁለት ሴት፣ ሞተር ጠፍቶ፣ መስኮት ዝቅ ብሎ። አበራሽ ከፊታችን ባለው መኪና ውስጥ ሙሾ ስታወርድ ከኋላ ያሉት አይሰሟትም። እነሱ ሲያለቅሱ እኛ አንሰማም። የሚያልፍ ሰው ቢያየን ፓርክ ያደረገ መኪና ነው የሚያየው።

ሂሩት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ቆየች። ዓይኗ ቀልቷል። «እማዬ» አለችኝ፣ «ነገ እኛ ቤት ይምጡ በያቸው። ሶፋውን እናወጣለን፣ ሰዉ ይበቃል። ኦኬ?» ቀጥላ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «ያንቺ ተራ ሲደርስም… ጽዋውን አምጪው» አለች።

ልጄ መልካም ነገር ነው የተናገረችው። ጉንጯን ልስማት በተገባኝ። ነገር ግን ያቺ ቃል ባለፈው ዓመት ብትነገር ኖሮ እያልኩ በልቤ፣ በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

አርቪው ቆሞበት የነበረው ቦታ እግሬ ሥር ነበር። አስፋልቱ ላይ የዘይቱ ነጠብጣብ ቀርቷል፤ ከእንቅብ ክዳን አይበልጥም፣ ጥቁር። ዝናቡ አላጠበውም። ከዚህ ሁሉ አገር ፀዳለ ይዛ የቀረችው መሬት ያ ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ በመዳፌ መታ ላደርገው እጄን ዘረጋሁ።

አንድ ወጣት መኪናውን ከጎናችን አቆመ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በእጁ ልትወጡ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ማቆሚያ ሲፈልግ የዋለ ሰው ፊት ነበረው። ሂሩት ወደ እኔ አየች። ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ለቀቅንለት። መታጠፊያው ላይ ዞር ብዬ ሳይ፣ ነጠብጣቡ ላይ ቆሟል።